አምፕሊፋየር ከማስገጠማችሁ በፊት፦ ጌይን፣ ክሮስኦቨርና የጭነት መኪናው ባትሪ

ከብቱን አራግፎ ሳውዝ ሲ የሚያድር ነጋዴ የናይሮቢን ማታቱ ሙዚቃ ሳይሰማ አይመለስም። ሹፌሩም «የእኛስ መኪና ለምን እንዲህ አይሆንም?» ማለቱ አይቀርም። ይሁን፤ ግን ድምፁ ሲንጫረር ወይም ስፒከሩ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአስተካከሉ ነው።

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያመጣጥን ነው። 4 ቮልት የሚልክ ቴፕ፣ 2 ቮልት ከሚልከው ያነሰ ጌይን ይበቃዋል። እስከ መጨረሻው ብታዞሩት መሣሪያው ተጨማሪ አቅም አያገኝም፤ የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል እንጂ። የሚንጫረረው እሱ ነው፤ ስፒከር የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጌይኑን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ የባስ መጨመሪያውን አጥፉ። ጥራት ያለው ዘፈን ክፈቱና ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍ አድርጉ። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ገጣሚው ቮልት መለኪያ ካለው የተሻለ ነው፦ ስፒከሩን ነቅሎ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ አጫውቶ መውጫውን ይለካል። ለ4 ኦም ሳብዉፈር 100 ዋት ማለት 20 ቮልት፣ 300 ዋት ማለት 34.6 ቮልት ያህል ነው።

ክሮስኦቨር ደግሞ ሥራ አከፋፋይ ነው። ሳብዉፈሩን ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲጫወት፣ የበር ስፒከሮቹን ከ80 በላይ እንዲጫወቱ አድርጉ። የበሩ ስፒከር ትንሽ ከሆነ 100 ወይም 120 ይሻለዋል። ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ስፒከር ላይ መጫን ጥጃን እንደ በሬ ማረስ ነው።

ለእኛ ዋናው ጉዳይ ግን ባትሪው ነው። እንደ ኤፍኤስአር ያሉ አይሱዙዎች የሚሠሩት በ24 ቮልት፣ ማለትም በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባትሪዎች ነው፤ የመኪና አምፕሊፋየር ግን አብዛኛው ባለ 12 ነው። አንዳንድ ገጣሚ መቀነሻ መግዛቱን ይተውና ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይስባል። ያኔ አንዱ ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ውሎ አድሮ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሠላሳ በሬ ጭኖ ቱርቢ ላይ ሞተር አልነሳ ቢል ኪሳራው ከመቀነሻው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ አስገጥሙ፤ አቅሙም በአምፔር ከአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ያላነሰ ይሁን። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ አለበለዚያ ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት ይነሳል።

ከብት ጭናችሁ ስትነዱ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። ከብት ቀጭን ድምፅ ከሰው አብልጦ ይሰማል፤ የሚንጫረር ስፒከር ያስደነብረዋል። ናይሮቢ ስትገቡም እንዲሁ፤ ኬንያ ከ2009 ጀምሮ የድምፅ ብክለት ደንብ አላት።