ስለ ግሪክ ሠራተኛ የሚወራውና እውነታው

ተረት፦ ግሪክ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀችው ሕዝቧ ሥራ ስለማይወድ ነው።

የዕዳ ቀውሱ በተፋፋመበት እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ሳይቀሩ፣ የግሪክ፣ የስፔንና የፖርቱጋል ሰዎች ከጀርመኖች ቀድመው ጡረታ መውጣት እንደሌለባቸው ተናግረው ነበር።

እውነታው ሌላ ነው። ግሪካዊ ሠራተኛ በዓመት በአማካይ ወደ 1,900 ሰዓት ይሠራል፤ ጀርመናዊው 1,340 ገደማ። ግሪክን ወደ ኋላ ያስቀራት አንድ የሥራ ሰዓት የሚያስገኘው ዋጋ ማነሱ ነው፤ በዚህ ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ ሁለት ሦስተኛው ላይ እንኳ አትደርስም።

ምክንያቱ አቴንስ መንገድ ዳር ባለች ኪዮስክ ይታያል። ባለቤቱ ማለዳ ከፍቶ ሌሊት ይዘጋል፤ ሲጋራ፣ ጋዜጣ፣ ውኃ፣ ማስቲካ ይሸጣል። ገዢ መጣም ቀረ፣ የተቀመጠበት ሰዓት ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው። ከአገሪቱ ሠራተኞች ከሩብ የሚበልጡት እንዲህ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ድርጅቶቹም አብዛኞቹ ከአሥር ሰው በታች የሚቀጥሩ በመሆናቸው ዘመናዊ ማሽን የመግዛት አቅም የላቸውም። በዚያ ላይ በቀውሱ ዓመታት ኢንቨስትመንት ከግማሽ በላይ ስለወደቀ ያረጀውን የሚተካ ጠፋ። ስለዚህ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአንዳንድ ድርጅቶች ስድስተኛ የሥራ ቀንን በ40 በመቶ ጭማሪ ክፍያ የፈቀደው ሕግ፣ በእኔ እምነት ዋናውን ችግር አልነካም። ሰዓቱማ ድሮም ሞልቶ ነበር።

ተረት፦ ደመወዝ ሲቀነስ ሥራ ይበዛል።

በ2012 በአበዳሪዎች ግፊት ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ751 ወደ 586 ዩሮ ወረደ፤ ከ25 ዓመት በታች ላሉት ወደ 511። ጉልበት ከረከሰ ኤክስፖርቱ ያድጋል፣ ቀጣሪም ይበዛል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ግሪካዊ ነጋዴ የሚኖረው በጎረቤቱ ኪስ ነው። ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ምሳውን ከቤት ይቋጥራል፤ ምግብ ቤቱም አስተናጋጁን ያሰናብታል። በ2013 ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ። ጥፋቱ ሁሉ የደመወዝ ቅነሳው ነው ማለት አይቻልም፤ መንግሥት ወጪውን አጥፏል፣ ባንኮችም ብድር ነፍገዋል። ቢሆንም ቃል የተገባው ሥራ በጊዜው አልመጣም። በ2019 ደመወዙ ወደ 650 ዩሮ ከፍ ሲልና የወጣቶቹ ዝቅተኛ ተመን ሲሰረዝ ደግሞ፣ ሥራ አጥነቱ መውረዱን ቀጠለ እንጂ አላሻቀበም።

ተረት፦ ሥራ አጥነቱ በ2024 ወደ 10 በመቶ የወረደው ሁሉም ሥራ ስላገኘ ነው።

ብዙዎች በእርግጥ ተቀጥረዋል። ሆኖም በቀውሱ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ወጣትና የተማሩ ግሪኮች አገራቸውን ለቀዋል። የተሰደደ ሰው አቴንስ ውስጥ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም። በግሪክ ግብር ከፋይ ገንዘብ የተማረው ሐኪም ዛሬ ታካሚ የሚያየው ጀርመን ነው፤ የሥራ ሰዓቱም ውጤት የሚመዘገበው በጀርመን ምርታማነት ላይ ነው።