ንጹሕ እጅ ይበቃል፦ ካቴተርን በራስ እጅ ስለማስገባት

በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ አንድ ወጣት ዛሬ እኛ ጋ መጣ። ከሌላ ጤና ተቋም ፎሊ ካቴተር እንደተደረገለት ወደ ቤቱ ከተላከ ወራት አልፈዋል። ቱቦው ተደፍኗል፣ ሽንቱ በቱቦው ዙሪያ ይፈስሳል፣ ሰውነቱ ይነድዳል። እናቱን “በየተወሰነ ሰዓት ራሱ ቱቦ እያስገባ ሽንቱን እንዲያወጣ ያስተማረው ሰው የለም?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “እሱማ ስተራይል ጓንትና ስተራይል ክፍል ይፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ከሞከራችሁት ኢንፌክሽን ይገድለዋል ብለውናል” አሉኝ።

ይህን አባባል ከአስታማሚዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቴሌግራም ላይም ይዞራል። የሚያናድደኝ ደግሞ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

1. ምንድን ነው? ፊኛው መጭመቅ ያቃተው ወይም የፊኛው በር አልከፈት ያለው ሰው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው አስገብቶ ሽንቱን ያስወጣል፤ ከዚያ ቱቦውን ይነቅለዋል። ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፣ እግር ላይ የሚታሰር ከረጢትም የለም። አብዛኛው ሰው በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያደርገዋል። እኛ ሲአይሲ እንለዋለን። ቱቦውን ፋርማሲ ስትጠይቁ “ኔላቶን” በሉ። ፎሊ ጫፉ ላይ በውሃ የሚነፋ ኳስ ስላለው ፊኛ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኔላቶን ኳስ የለውም።

2. ለማን ነው? ህብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው፣ ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንት ክፍተት) ይዞት ለተወለደ ልጅ፣ ኤምኤስ የሚባለው የነርቭ ሕመም ላለበት፣ ስኳር የፊኛውን ነርቭ ላደከመበት፣ ከማህፀን ወይም ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ፊኛው ላልነቃ፣ ፊስቱላዋ ተጠግኖ ሽንቷ አልወጣ ላላት ሴት። ሽንቱ ድንገት የቆመበት ሰው ግን ይህን ማንበብ ትቶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ከሽንቱ መቆም ጋር መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘው ወይም እግሩ ከከዳው ነርቭ እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የሽንት ቱቦው ጠባሳ ያለበት ወይም በቅርቡ እዚያ አካባቢ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ሐኪሙ ሳያየው አይጀምር።

3. ለምን? ለኩላሊት። ፊኛ ሞልቶ ግፊቱ ሲበረታ ሽንት ወደ ላይ ይመለሳል፣ ኩላሊት ያብጣል፣ ቀስ በቀስ ይደክማል። ስለማያም ታካሚው የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ህብለ ሰረሰራቸው የተመታ ወታደሮችን በብዛት የጨረሳቸው ከጉዳቱ በኋላ የተከተለው የሽንት ኢንፌክሽንና የአልጋ ቁስል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ያንን ታሪክ መለወጥ የጀመሩት የቁስል እንክብካቤን፣ ማገገሚያ ስፖርትንና ፊኛን በየተወሰነ ሰዓት ባዶ ማድረግን አንድ ላይ ይዘው ነው።

4. ስተራይል የሚባለው ነገር። እዚህ ላይ ልቆይ ነው።

ጉትማን ካቴተር የሚያስገቡት በሠለጠነ ሰው እጅ፣ ሙሉ በሙሉ ከጀርም በጸዳ፣ ማለትም ስተራይል በሆነ ዕቃ ነበር። ለሆስፒታል ጥሩ ነው። ሰው ግን ከሆስፒታል ይወጣል። ከዚያ በ1972 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቻቸው ታካሚ ራሱ፣ በቤቱ፣ በታጠበ እጅና በታጠበ ቱቦ ፊኛውን ባዶ ማድረግ እንደሚችል ጽፈው አሳተሙ። የላፒደስ ሐሳብ ይህ ነው፦ ፊኛን የሚያሳምመው በቱቦው የሚገባው ጥቂት ባክቴሪያ ሳይሆን ከመጠን በላይ መለጠጡ ነው። ግድግዳው ሲወጠር ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ግድግዳ ራሱን መከላከል ያቅተዋል። በየተወሰነ ሰዓት ባዶ የሚሆን ፊኛ ግን የገባውን ባክቴሪያ ከሽንቱ ጋር ጠርጎ ያወጣዋል።

ይህ ከታተመ 50 ዓመት አልፎታል። ዛሬም ዋርድ ውስጥ “ስተራይል ካልሆነ ክልክል ነው” እየተባለ ታካሚ በፎሊ ወደ ቤቱ ይላካል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በሚፈራው ኢንፌክሽን ስም ኢንፌክሽን የሚበዛበት መንገድ ይመረጥለታል ማለት ነው። ፊኛ ውስጥ የሚቀመጥ ቱቦ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የማይገኝበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያው ቱቦው ላይ ተጣብቆ ሽፋን ይሠራል፣ ጨው ይጠራቀምበታል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ የፊኛ ጠጠር ይከተላል። ወንድ ከሆነ የሽንት ቱቦው ይላጣል፣ አንዳንዴም ብልቱ ከታች በኩል ይሰነጠቃል። የላቴክስ ፎሊ ከ4 ሳምንት፣ የሲሊኮን ከ12 ሳምንት በላይ መቆየት የለበትም። ለዚህ ወጣት ግን መቼ እንደሚቀየር የነገረው ሰው አልነበረም።

ፎሊ ፈጽሞ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በጽኑ ለታመመ፣ ሽንቱ በሰዓት ለሚለካ፣ እጁም አስታማሚም ለሌለው ሰው ያስፈልጋል። እጅ ያለው፣ አእምሮው ሙሉ የሆነ የ20 ዓመት ልጅ ግን “ጓንት ስለሌለህ” ተብሎ ዕድሜ ልኩን ከረጢት ሊታሰርለት አይገባም!

ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ለታካሚ ስታስገባ ግን ስተራይል ትጠቀም። የሆስፒታል ጀርም ሌላ ነው፣ እጇም ከሌላ በሽተኛ የመጣ ነው። ሰው በቤቱ፣ በራሱ እጅ፣ ለራሱ ሲያደርገው ንጹሕ መሆን ይበቃል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን አሠራሩ። የመጀመሪያው ከሚያውቅ ነርስ ወይም ሐኪም ጋር ይሁን፤ ይህ ማስታወሻ የእሱ ምትክ አይደለም።

እጃችሁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን በጆግ እየተፈሰሰላችሁ ብትታጠቡ ያው ነው። ብልታችሁን በውሃና ለስላሳ ሳሙና አጽዱ፤ ሴት ከፊት ወደ ኋላ። አልኮልና ዴቶል እዚያ አካባቢ አታስነኩ። ቱቦውን በውሃ የሚሟሟ ጄል ቀቡት፤ ቫዝሊን አይሆንም።

ወንድ ብልቱን ወደ ሆዱ ቀና አድርጎ ይያዝ። ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቱቦው መታጠፊያው ላይ ይያዛል። መንገዱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፊኛው በር ላይ ሲደርስ ትንሽ ይገታል፤ እዚያ ላይ ቆም በሉ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ ሳል አድርጉ፣ ከዚያ በዝግታ ቀጥሉ። በጉልበት መግፋት የለም። ደም የሚያመጣውና ጠባሳ የሚተወው ጉልበት ነው።

ለሴት መንገዱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከባዱ ቀዳዳውን ማግኘት ነው። መጀመሪያ በመስታወት እዩት፦ ከቂንጥር ዝቅ ብሎ፣ የወር አበባ ከሚወርድበት ከፍ ብሎ ያለው ትንሹ ቀዳዳ ነው። በኋላ ጣት ብቻውን ያገኘዋል። ቱቦው ገብቶ ሽንት ካልመጣ ምናልባት ታችኛው ጋ ገብቷል፤ እሱን ምልክት እንዲሆናችሁ እዚያው ተዉትና በሌላ ንጹሕ ቱቦ ከሱ ከፍ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሽንት ሲጀምር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ አስገቡ። ሲቆም በጥቂት በጥቂቱ እየሳባችሁ፣ እንደገና ከፈሰሰ ቆም እያላችሁ አውጡ። የሚቀር ሽንት ነው የሚበክለው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመለኪያ ጆግ ለኩና ጻፉት። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደጋግሞ ካወጣ ሰዓቱ ተራርቋል ማለት ነው፤ አቀራርቡት። ከመተኛት በፊትና ጠዋት ስትነሱ አይቀርም። እንዳትቸገሩ ብላችሁ ውሃ መጠጣት አታቁሙ። ጸበል የምትጠጡ ደግሞ በዚያ ቀን ሰዓቱን አሳጥሩት፤ ብዙ ሊትር ጠጥቶ ፊኛን በድሮው ሰዓት መጠበቅ ኩላሊትን መጉዳት ነው። የጾም ሰዓት ላይ ሽንት ቢያንስም ፊኛው መፈተሹ አይቅር።

ቱቦውን ስለማጠብ ብዙ ጥያቄ ይመጣል። የተሻለው አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው፤ ለሚችል ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው። ለማይችል ግን ተራውን የፕላስቲክ ኔላቶን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ውስጡንም ውጩንም ማጠብ፣ አራግፎ በአየር ማድረቅ፣ ንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይቻላል። ከጠነከረ፣ ከደፈረሰ ወይም ከተሰነጠቀ ይጣላል። ለሌላ ሰው አይሰጥም። “አሜሪካ ቢሆን ማን ያጥባል?” ለምትሉ፣ የአሜሪካው የመንግሥት ጤና መድን ሜዲኬር እስከ 2008 ድረስ በተለመደው አሠራር በወር 4 ካቴተር ብቻ ነበር የሚከፍለው፤ ሰዉ እያጠበ ይጠቀም ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው በወር እስከ 200 የፈቀደው። ውጭ ሆናችሁ ለዘመድ የምትልኩ፣ ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ውፍረቱ 12 ወይም 14 ፍሬንች የሆነ ሲሆን የወንድ ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ውሃ ሲነካው የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ያለው ዓይነት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ታጥቦ አይደገምም። ከመላካችሁ በፊት ቁጥሩን አስታማሚውን ጠይቁ።

ሌላው የሚያቃጥለኝ የሽንት ምርመራ ነው። ካቴተር የሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ቢገኝ አዲስ ነገር አይደለም። ትኩሳት ከሌለው፣ ጎኑን ካላመመው፣ ሽንቱ በአዲስ መልክ ማምለጥ ካልጀመረ፣ እግሩ ከወትሮው በላይ ካልተንቀጠቀጠ ወረቀቱ ላይ “ባክቴሪያ” ስለተጻፈ ብቻ ሲፕሮ አይሰጠውም። እርጉዝ ሴትና የሽንት አካል ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ብቻ ይለያሉ። ያለ ምልክት በየወሩ አንቲባዮቲክ የሚውጥ ታካሚ እውነተኛው ኢንፌክሽን ሲመጣ የሚሠራለት መድኃኒት ያጣል። ይህን የምለው ለፋርማሲ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ የረጋ ደም፣ ወይም ፊኛ ሞልቶ ቱቦው አልገባ ማለት ግን በዚያው ቀን ያስሄዳል።

ባልደረቦቼ ይህንንም አንብቡ። ጉዳቱ ከ6ኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ራሱን ፈልጦት፣ ፊቱ ቀልቶና ላብ አጥምቆት፣ የደም ግፊቱ ሽቅብ ወጥቶ ከመጣ የግፊት ክኒን ከመፈለጋችሁ በፊት ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና ፊኛውን እዩ። ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ፎሊ ካለውም ተጣምሞ ወይም ተደፍኖ ይሆናል። ሽንቱ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ግፊቱ ይወርዳል። ችላ ከተባለ አንጎል ውስጥ ደም ያፈስሳል።

አሠራራችንን ደግሞ ልናገር። ፎሊ ማስገባት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ መዝገብ ላይም ይጻፋል። አንድን ሰው ሲአይሲ ማስተማር ቀናት ይፈልጋል፣ መጋረጃ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የሚጻፍበት መዝገብ ግን የለም። ብዙ ታካሚ የያዘች ነርስ የትኛውን እንደምትመርጥ ግልጽ ነው፤ በእሷ አልፈርድም። የምፈርደው የሥራ ድርሻዋን ሲያወጡ ማስተማርን ሥራ ብለው ባልቆጠሩት ላይ ነው። የመውጫ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ጽፈው ማንበብ ለማይችሉ እናት በሚሰጡት ላይም ነው። ፎሊ በካርቶን ሲያስገዛ ኔላቶን ዝርዝሩ ውስጥ የሌለበት የግዥ ክፍልም አለ፤ ስንጠይቅ “ጠያቂ የለውም” ይሉናል። ያልተማረ ሰው እንዴት ይጠይቃል? ፎሊ ከመንቀል በፊት “ፊኛውን እናለማምድ” እየተባለ ቱቦውን ማሰርና መፍታትም እንደ ሕክምና ይቆጠራል። አይጠቅምም። ነርቩ የተጎዳ ፊኛ በማሰር አይማርም።

ወላጆችም አሉ። ስፓይና ቢፊዳ ያለባትን ልጅ በዳይፐር ከትምህርት ቤት የሚያስቀሩ ወላጆች አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራቸው የለም። እስክታድግ እናት ወይም አባት ያደርጉላታል፤ ብዙ ልጆች 6 ወይም 7 ዓመት ሲሆናቸው ራሳቸው ይማሩታል። ድንግልናዋን ይነካል ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ አለ፤ ሽንት የሚወጣበት ቀዳዳ ሌላ ነው፣ አይነካም። ለመምህሯም ንገሩ፤ በሁለት የትምህርት ክፍለ ጊዜ መካከል ጥቂት ደቂቃና የሚዘጋ በር ያስፈልጋታል።

ለዋርድ ኃላፊዎችና ለሐኪሞች የምጠይቀው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ፎሊ ይዞ በሚወጣ እያንዳንዱ ታካሚ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ ወይም በሚያነብበው ቋንቋ፣ ይህ ቱቦ የሚቀየርበት ወይም የሚነቀልበት ቀን ይጻፍ፤ ሲአይሲ ያልተማረበት ምክንያትም ይጻፍ። ሁለተኛው መስመር ላይ የምትጽፉት ምክንያት ካጣችሁ ታካሚው ሳይማር አይውጣ።