ትንፋሽ ያጠረው ላፕቶፕ

«ይግላል፣ ስታክ ያደርጋል፣ ባትሪም አይዝም።» ላፕቶፑን አቅፎ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሦስቱን አከታትሎ ነው የሚናገረው። ሦስት የተለያየ ብልሽት ይመስላሉ፤ ሰውየው አንድ ላይ ማንሳቱ ግን ትክክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የተከተሉት አንደኛውን ነው፤ የሚቀድመውም ሙቀቱ ነው።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ያሉት 15 ዋት አካባቢ፣ ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የተሠሩት ደግሞ 45 ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚፈልቀው ከጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቺፕ ላይ ነው። መውጫ ካጣ የቺፑ ሙቀት በሰከንዶች ውስጥ ያሻቅባል። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማትረፍ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ስታክ የሚያደርገው ያኔ ነው። አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስክሪኑ በርቶ፣ ፋኑ እየጮኸ ባትሪው ያልቃል። የጋለ ቺፕ ደግሞ ለዚያው ሥራ ከቀዝቃዛው የበለጠ ኤሌክትሪክ ያባክናል። ይህም አልበቃ ካለና ሙቀቱ ከቀጠለ ማሽኑ ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል።

ሙቀቱ እንዲወጣ የተዘጋጀለት መንገድ ቢታወቅ ጥሩ ነው፤ ሲበላሽ የሚበላሸው እዚያው መንገድ ላይ ነውና። ቺፑ ላይ ቴርማል ፔስት የሚባል ግራጫ ቅባት ይቀባል። በላዩ የመዳብ ሳህን ይታሰራል፤ ከሳህኑ ተነስቶ ወደ ላፕቶፑ ጠርዝ የሚሄደው ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ሂት ፓይፕ ነው። ጠንካራ የመዳብ ዘንግ ይመስላል እንጂ ውስጡ ክፍት ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ በምትኩ ጥቂት ጠብታ ውሃ ገብቶበት ታሽጓል። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ገና በአነስተኛ ሙቀት ይተናል፤ እንፋሎቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሮጦ ሙቀቱን ያራግፍና መልሶ ውሃ ይሆናል፤ ከዚያም የቱቦው ግድግዳ ላይ የተጋገረው የመዳብ ብናኝ መጥጦ ወደ ቺፑ ይመልሰዋል። ሞተር የለው፣ የሚያልቅ ነዳጅ የለው፤ ሳያቋርጥ ይሠራል። ሐሳቡ በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የፈጠራ መብት ወጥቶለት ነበር፤ በ1963 ደግሞ ጆርጅ ግሮቨር በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ለሕዋ አገልግሎት እንዲውል አድርጎ ሠራው። ለሳተላይት የታሰበ ዕቃ ዛሬ ተማሪ በቦርሳው ይዞት ይዞራል፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሂት ፓይፑ ብዙ ጊዜ አይበላሽም። ችግር የሚመጣው ጫፉ ላይ ነው። እዚያ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ፋኑ ከሥር አየር ስቦ በእነዚህ ክፍተቶች ያስወጣል፤ ከአየሩ ጋር የገባው ብናኝ፣ ፀጉርና የብርድ ልብስ ጭረት ግን ክንፎቹ ላይ ይቀራል። የሚጠራቀመው በፋኑና በክንፎቹ መሃል ስለሆነ ከውጭ ሆኖ መውጫውን ለሚያይ ሰው ሁሉም ነገር ንጹሕ ይመስላል። የፋኑ ክዳን ሲፈታ ግን ቆሻሻው እንደ ጥጥ ምንጣፍ ተጠፍጥፎ፣ የክንፎቹን ቅርጽ ይዞ፣ ባንድ ቁራጭ ተላቆ ይወጣል። ላፕቶፕ ጋቢ ወይም አልጋ ላይ አድርጎ መሥራት የሚጎዳውም ሁለት ጊዜ ነው፤ አየር ማስገቢያውን ይዘጋል፣ ጭረትም ያስገባል።

አገራችን ላይ የአየር ንብረቱም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰዋል፤ ክፍተቱ በብናኝ ሲደፈን ግን የሚቀረው ትርፍ አቅም ትንሽ ነው። ሰመራና ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አፕል ለማክቡክ የሚፈቅደው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በእነዚህ ከተሞች ከዚያ ማለፍ ብርቅ አይደለም።

ላፕቶፑን ሳይፈቱ ብዙ ማወቅ ይቻላል። መጀመሪያ ጊዜውን ያስተውሉ። አድሮ ጠዋት ሲበራ ደህና ሠርቶ ከአሥር ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ገና ሲከፈት ጀምሮ የሚጎተት ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩን ወይም ራሙን ይጠርጥሩ። አሮጌ ተሽከርካሪ ዲስክ በኤስኤስዲ ሲቀየር ማሽኑ ሌላ ማሽን ይሆናል፤ ከሁሉም ጥገና ለዚህ ለሚወጣው ገንዘብ አልሳሳም።

ቀጥሎ ፋኑ ሲጮህ እጅዎን መውጫው ላይ ያድርጉ። ድምፁ ከፍተኛ፣ ነፋሱ ግን ደካማ ከሆነ መንገዱ ተደፍኗል። ነፋሱ ጠንካራና ትኩስ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው፤ የበዛው ጭነቱ ነው። ማሽኑ እየጋለ ድምፅም ነፋስም ከሌለ ፋኑ ሞቷል፤ ሳይቀየር መሥራት የለበትም።

ጭነቱን ለማየት ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። የሲፒዩ ዓምዱን ቢጫኑ ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። ምንም ሥራ ሳይዙ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ አንድ ነገር ከጀርባ እየሠራ ነው፤ አፕዴት ሊሆን ይችላል፣ እርስ በርስ የሚታገሉ ሁለት አንቲቫይረሶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቫይረስም አይታጣም። ፎርማት የሚጠቅመው ለዚህ ለመጨረሻው ነው። ለተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» ማለት ግን በጣም የሚያሳዝን ልማድ ነው፤ ስንት ሰው የመመረቂያ ጽሑፉንና የልጆቹን ፎቶ ያጣው ብናኝ መጥረግ ብቻ በቂ በነበረበት ጊዜ ነው!

ጽዳቱ ከባድ አይደለም። ማሽኑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ተከፍቶም የባትሪው ገመድ ይላቀቃል። አየር ሲነፋ የፋኑ ክንፍ በጣት መያዝ አለበት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ማሽከርከሪያው ይጎዳል። የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን አይጠጋ፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። የመዳብ ሳህኑ ከተነሣ ፔስቱ የግድ ይቀየራል። አሮጌው ላይ መልሶ የሚያስር ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው፤ ስለዚህ ሲሠራ አጠገቡ ቢቆሙ አያፍሩ።

ባትሪው የዚህ ሁሉ የመጨረሻ ተጎጂ ነው። ሊትየም አዮን ባትሪ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሙቀት አለመውደዱ ግን ያው ነው። በተለይ መቶ በመቶ ተሞልቶ ሲግል ቶሎ ያረጃል። መብራት ይጠፋል ብለን ቀኑን ሙሉ ሰክተን የምንተወው ላፕቶፕ የሚገጥመው ይኸው ነው። ሌኖቮ፣ ዴል፣ ኤችፒና አሱስ በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ቻርጁ 80 በመቶ አካባቢ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ ሁልጊዜ ሰክቶ የሚሠራ ሰው ቢያበራው ይጠቀማል። ባትሪው ማርጀቱን ለመለየት ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት አለ። ሲመረት 50 ዋት ሰዓት የነበረው አሁን ሲሞላ 25 ብቻ ከያዘ፣ ጽዳት አይመልሰውም፤ ይቀየር። የመዳፊቱ ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ከጀመረ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ቻርጅ ማድረግ በዚያው ይቁም፤ አይወጋ፣ አይጫን፣ ለባለሙያ ይሰጥ። እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ሊፈትን ይችላል። ሻጩ አምስት ደቂቃ አብርቶ ማሳየቱ ምንም አይነግርም፤ ሙቀት የሚታወቀው ቆይቶ ነው። ቻርጀሩን ነቅለው ግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ ያጫውቱ፤ በዚያ መሃል የባትሪ ሪፖርቱን ይመልከቱ፣ እጅዎንም መውጫው ላይ ያድርጉ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ከገጠመዎት ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።