ጸጸትን መለካት ይቻላል?

ወደ ማታ ላይ በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ከሥራ የሚመለሱ መታፕሎት አይጠፉም። የእኛም እናቶችና አክስቶች አሉበት። አዛውንት ሲያጥቡ፣ ሲያበሉ፣ መድኃኒት በሰዓቱ ሲያስታውሱ ውለዋል። «እንዴት ዋላችሁ?» ስንላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ወሬው እዚያው ያበቃል።

በዚህ ሥራ ግን «ምነው ያኔ እንዲህ ባደረግሁ!» የሚያሰኝ ነገር አይታጣም። አዛውንቷ የወደቁት መታፔሌቷ ለአንድ ደቂቃ ወጥ ቤት ስትገባ ነው እንበል። ወይም «ዛሬ ደክሞኛል» ያሉትን ሽማግሌ የዕድሜ ነገር ነው ብላ አለፈቻቸው፤ በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። ጥፋት ላይኖር ይችላል፤ ጸጸቱ ግን ይኖራል።

ይህን ስሜት ለመለካት የሞከሩ አሉ። በስዊዘርላንድ የጄኔቫ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ዴልፊን ኩርቮዋዚዬ፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች ሁለት መጠይቆች አዘጋጅተዋል። አንዱ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ጸጸቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካል። ሌላው 15 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ሰውየው ጸጸቱን ምን እንደሚያደርገው ይለካል። ለእኛ ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው፤ «አጥፍተሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅምና።

15ቱ ጥያቄዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ችግሩን ራሱን መያዝ ነው፦ ምን እንደሆነ መመርመር፣ እንዳይደገም መላ መፈለግ። ሁለተኛው ስሜትን በሚጠቅም መንገድ መያዝ ነው፤ ሁሉን ማወቅ እንደማይቻል መቀበል እዚህ ይገባል። ሦስተኛው ስሜትን በሚጎዳ መንገድ መያዝ ነው፦ ነገሩን ሌሊቱን ሙሉ ማብሰልሰል፣ ራስን መውቀስ። ችግርን መያዝና ስሜትን መያዝ የሚለው ክፍፍል በክፍል ውስጥ ከተማርነው የላዛረስና የፎክማን የ1984 መጽሐፍ የታወቀ ነው። የጄኔቫዎቹ ጥናት ያሳየው፣ ሦስተኛውን መንገድ የሚያዘወትሩ ሠራተኞች እንቅልፋቸውም እንደሚታወክ ነው። ስለዚህ ሁለት ሴቶች እኩል ቢጸጸቱም እኩል ላይጎዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ አፉላ እንመለስ። መጠይቁ የተሠራው ለሆስፒታል ሠራተኛ ነው። የሆስፒታል ነርስ ፈረቃ ስትለዋወጥ የምታዋየው ባልደረባ፣ የምትጠይቀው ኃላፊ አላት። ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቢቱዋሕ ሌኡሚ የእንክብካቤ ሕግ መሠረት ቤት ለቤት የምትሠራ መታፔሌት ግን በሰው ቤት ብቻዋን ናት። ባልደረባዋን የምታገኘው ምናልባት አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው። «ከባልደረባ ጋር እነጋገራለሁ» የሚል ጥያቄ ቢቀርብላትና «አይ» ብትል፣ መልሱ የእርሷን ጠባይ ሳይሆን የሥራዋን ሁኔታ ነው የሚናገረው።

ቋንቋውም ሌላ ፈተና ነው። አማርኛ ጸጸትና ቁጭትን ይለያል። ጸጸት የሚለው ቃል ወደ በደልና ንስሐ ያዘነብላል፤ ቁጭት ደግሞ ያመለጠ ነገር ያንገበግባል። «ይጸጽትሻል?» የተባለች እናት «ምን በድዬ?» ልትል ትችላለች፤ «ይቆጭሻል?» ብንላት ግን ታወራን ይሆናል። «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» የሚለውስ የት ይመደባል? ለአንዷ እውነተኛ ዕረፍት ነው፤ ለሌላዋ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መክደኛ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ከሆነ፣ ነጥቡን ደምረን የምናገኘው ቁጥር ምንም አይነግረንም። አንድ መጠይቅ ሲተረጎም ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው የሚደረገው፣ ከዚያም ሥራውን በሚሠሩት ሰዎች ላይ የሚሞከረው ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው? ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቅና የእነዚህን ሴቶች ዝምታ ከልጅነታችን የምናውቀው እኛ ነን። ለሴሚናር ወረቀት ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አንዱ ይኸው። እስከዚያው ግን ጥያቄያችንን እንለውጥ። ማታ ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ የቆጨሽ ነገር አለ? ለማን ነገርሽው?» እንበላት። ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት።