መልሱ ልክ ነው፤ መንገዱስ?

አንባቢ ሆይ፥ ልጅዎ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ሒሳብ ሲሠራ አይተው «ተመስገን፥ ዛሬስ ልጄ እያጠና ነው» ብለው ከሆነ፥ ደስታዎን ልነሣዎ አልመጣሁም። እኔም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር መምህር ስሆን፥ በዚህ ዘዴ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ያየሁትን መልካሙንም ክፉውንም ላጫውትዎ።

ዘዴው እንዲህ ነው። ለተማሪው አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መልሱን ይጽፋል፤ ልክ ከሆነ ወዲያውኑ ልክ መሆኑ ይነገረዋል፤ ከተሳሳተም እንደ ገና ይሞክራል፥ ሲቸግረው ፍንጭ ይጠይቃል። የተወሰኑ ጥያቄዎችን በትክክል ከመለሰ ወደሚቀጥለው ርእስ ይሻገራል። ጎበዙ ሰነፉን አይጠብቅም፥ ሰነፉም ጎበዙን ለመከተል አይሮጥም፤ እያንዳንዱ በገዛ እርምጃው ይሄዳል።

ከነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ካን አካዳሚ አጀማመሩ የቤተ ዘመድ ነገር ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሳልማን ካን የተባለ፥ በቦስተን ከተማ በገንዘብ ነክ ሥራ ላይ የነበረ ሰው፥ በኒው ኦርሊንስ ለምትኖር አንዲት ዘመዱ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ያስጠናት ጀመር። ልጅቱ የቸገራት አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መለወጥ ነበር። ወሬው ሲሰማ ሌሎችም ዘመዶች «እኛንስ?» አሉ። ሁሉን ማዳረስ ቢያቅተው መልመጃ የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፈ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸ በዩቲዩብ ማውጣት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱን ርእስ ጨረስህ ለመባል ዐሥር ጥያቄ በተከታታይ ልክ መመለስ ያስፈልግ ነበር።

«ኢንተርኔት በሌለበትስ?» ይሉኝ ይሆናል። ለዚሁ ሲባል ኮሊብሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መልመጃዎቹ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተከማችተው ያለ ኢንተርኔት ለሌሎቹ ይታደላሉ። እኛም የምንሠራው በዚሁ ነው። ኮምፒዩተሮቻችን 20፥ ተማሪዎቼ 60 ናቸውና በሦስት ተራ ይገባሉ። መብራት የጠፋ ዕለት ወደ ጠመኔያችን እንመለሳለን።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ፥ ጥያቄ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም ትል ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ከ100 ያገኘችው 19 ነው። እናትየዋ መጡና «መምህር፥ ይቺ ልጅ ለሒሳብ አልተፈጠረችም ይሉኛል። እውነት ከሆነ ዝም ብላ ከምትንገላታ ከኔ ጋር ጉሊት ትቀመጥ» አሉኝ። «እናቴ፥ እስቲ አንድ ሴሚስተር ይታገሡኝ» አልኋቸው። እሺ አሉ፤ ነገር ግን ፊታቸው ያመነ ሰው ፊት አልነበረም።

ልጅቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ኋላ እንድትመለስ ነገርኋት። ስምንተኛን አየች፥ ሰባተኛን አየች፥ እንዲህ እያለች ወርዳ እግሯ ደረቅ መሬት የረገጠው አራተኛ ክፍል ላይ ሆነ። ስታካፍል ቀሪ ከተገኘ ምን እንደሚደረግ አታውቅም ኖሯል! ይህን ያላወቀ ልጅ ክፍልፋይ እንዴት ይገባዋል? ክፍልፋይ ያልገባውስ አልጀብራ ከየት ይመጣለታል? አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳናይ ያሳለፍናት እኛ መምህራን ነን። በ60 ልጆች ፊት ተነሥታ «ማካፈል አላውቅም» እንዳትል ሞቷ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን አይስቅባትም፥ ለጎረቤትም አያወራባትም። መልመጃው በእንግሊዝኛ መሆኑ መጀመሪያ ቢያስቸግራትም፥ ቁጥሩ እየመራት ቃሉን ለመደችው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ማካፈልን ጨርሳ ክፍልፋይ ጀመረች።

መልካሙ ይህ ነው። በዚያው ክፍል ደግሞ አንድ ቀልጣፋ ልጅ ነበረ። ርእሱን ሁሉ ቀድሞ ስለሚጨርስ በተማሪዎች ፊት አመስግኜዋለሁ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ «3/4 ከ5/8 እንደሚበልጥ በምን ዐወቅህ?» አልሁት። «ቀላል ነው፥ ቲቸር። ከ3 እስከ 4 አንድ ነው፥ ከ5 እስከ 8 ሦስት ነው። ልዩነቱ ያነሰው ይበልጣል» አለኝ። ደነገጥሁ። «እንግዲያስ ከ1/2ና ከ5/7 የቱ ይበልጣል?» ብለው፥ ሳያመነታ «1/2!» አለ። አንድ ዳቦ ለሰባት ቢቆርሱት ግማሹ ሦስት ቁራሽ ተኩል ነው፤ አምስት ቁራሽ ከግማሽ እንደሚበልጥ ሕፃን ያውቃል። የልጁ ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ልክ መልስ ስለሚሰጥ፥ ኮምፒዩተሩም እኔም እያመሰገንነው ስሕተቱ ሥር ሰደደ።

ይህ በእኔ ክፍል ብቻ የደረሰ እንዳይመስልዎ። በ1973 ዓ.ም. ስታንሊ ኧርልዋንገር የተባለ ተመራማሪ ቤኒ ብሎ ስለ ጠራው አንድ የ12 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የጻፈው ጥናት አለ። ያን ጊዜ በቤኒ ክፍል ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ተማሪዎች በየራሳቸው እርምጃ መልመጃውን እየሠሩ፥ በፈተናው ከመቶ 80 ያገኘ ወደ ሚቀጥለው ያልፍ ነበር። ቤኒም ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው ይባል ነበር። ተመራማሪው ቀርቦ ቢያነጋግረው ግን፥ ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ የሚለውጠው ላዕሉንና ታሕቱን ደምሮ ነጥብ በማስገባት ሆኖ ተገኘ። 2/10 ለርሱ 1.2 ነው፤ 5/10ም 1.5 ነው። 4/11ም 11/4ም ሁለቱም 1.5 ናቸው! የሒሳብ ትምህርት ለቤኒ በመልስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መልስ ማደን ሆኖበት ነበር።

ስለዚህ ወላጅ የሆኑ አንባቢ፥ ልጅዎን «ስንት ጨረስህ?» ከማለት «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ይበሉት። ሒሳቡን እርስዎ ባያውቁትም ግድ የለም፤ ሲያስረዳዎ የሚንተባተብበትን ቦታ እርሱ ራሱ ያገኘዋል።

እኔ ዓርብ ዓርብ ኮምፒዩተሩን አዘጋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ከሳምንቱ አንድ ጥያቄ መርጦ ለምን እንዲህ እንደ ሠራው በደብተሩ ይጽፋል፥ ቢፈልግ በአማርኛ። አምስት ስድስቱን አጠገቤ እያስቀመጥሁ አነጋግራለሁ። እውነቱን ልናገርና፥ የ60 ልጅ ደብተር ቅዳሜዬን ይበላዋል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውን ቁጥር አይቶ ማርክ መስጠት እጅግ ይቀል ነበር። ቀልጣፋው ልጅ ሕጉን ለመተው አንድ ወር ፈጀበት፤ ለጥቂት ቀንም አኩርፎኝ ነበር።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ያቺ ልጅ 52 አገኘች። እናትየዋ መጥተው የፈተናውን ወረቀት ገለባብጠው አዩና «52 ማለት ማለፍ ነው መውደቅ?» አሉኝ። ማለፍ ነው አልኋቸው። «ታዲያ ይህ ሁሉ ቀይ ምንድር ነው?» አሉ። የተሳሳተችው ነው ብዬ ላስረዳ ስል፥ ልጅቱ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ ስሕተቱ ከየትኛው መስመር እንደ ጀመረ በጣቷ ታሳያቸው ጀመር።