ተጨማሪ መረጃ፦ ትንሽ ጀልባን ባለበት ማቆም

በአየር የሚነፋ ጀልባ ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ ይገፋዋል። መንጠቆ ጥሎ ለሚጠባበቅ ዓሣ አጥማጅ የሚከተሉት አማራጮች ይጠቅማሉ።

• የአሸዋ ከረጢት፦ የማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ አፉን በገመድ ማሰር። ስለት ስለሌለው ጀልባውን አይበሳም፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ይንሸራተታል።
• ተጣጣፊ መልሕቅ፦ ክንዶቹ ጭቃና ድንጋይ ቆንጥጠው ይይዛሉ። የጀልባውን ላስቲክ እንዳይቀድ ከውኃ ሲወጣ በጨርቅ ይጠቀለላል።
• አጣና፦ ውኃው ከ1 ሜትር በማይበልጥበት ጭቃማ ዳርቻ ተክሎ ጀልባውን ማሰር።
• ባልዲ፦ ውኃው ጥልቅ ከሆነ በገመድ አስሮ ውኃ ውስጥ መልቀቅ። ጀልባውን አያቆመውም፤ በነፋስ መገፋቱን ግን ያዘገየዋል።

የገመዱ ርዝመትም ወሳኝ ነው። አጭር ገመድ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሞገድ በመጣ ቁጥር መልሕቁን ይነቅለዋል። ረጅም ገመድ ግን ጋደል ስለሚል መልሕቁ መሬት እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ የጥልቀቱን 5 እጥፍ ያህል ገመድ ይለቀቃል። የጣና ሐይቅ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ 40 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ ገመዱ ከጀልባው ፊት ይታሰር፤ ከኋላ ከታሰረ ሞገድ ወደ ውስጥ ይገባል። በአደጋ ጊዜ ገመዱን ለመቁረጥ ቢላዋ ከነሰገባው በቅርብ ይቀመጥ።