አልጌው ሳይደርስ ማስታወቂያው ደረሰ

የአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ኤክሶንሞቢል እ.ኤ.አ. በ2009 ከሳይንቲስቱ ክሬግ ቬንተር ድርጅት ጋር ተጣምሮ፣ ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ የአልጌው ነገር በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይመጣ ጀመር፤ አረንጓዴ ውሃ፣ ተመራማሪ፣ ብሩህ ነገ።

ሳይንሱ ውሸት አልነበረም። አልጌ የፀሐይ ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠቅሞ በገላው ውስጥ ዘይት ያጠራቅማል፤ ለእርሻ የሚሆን መሬትም አይሻማም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ስብ እንዲያጠራቅም ናይትሮጅን ሲነፈግ ማደጉን ይተዋል፤ በደንብ ሲመገብ ደግሞ ይባዛል እንጂ አይሰባም። ተመራማሪዎቹ በ2017 የአንዱን ዝርያ ዘረመል ለውጠው፣ ዕድገቱን ብዙም ሳይጎዱ የስብ ድርሻውን ከ20 በመቶ ወደ 40 በመቶ አደረሱት። ትልቅ ግኝት ነው፤ ግን የቤተ ሙከራ ግኝት።

ለተመልካቹ ያልተነገረው መጠኑ ነው። ኩባንያው በ2018 ያስቀመጠው ግብ፣ በ2025 በቀን 10 ሺህ በርሜል የአልጌ ነዳጅ ለማምረት የሚያስችል የቴክኒክ ብቃት ላይ መድረስ ነበር። በዚያው ሰሞን በቀን የሚያወጣው ዘይትና ጋዝ 4 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ነበር። አካፍሉት፤ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ከ400 በርሜል አንዷ ብትሆን ነው። የኩባንያው የያኔ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሬክስ ቲለርሰን ራሳቸው በ2013 ነገሩ ምናልባት ከ25 ዓመት በላይ ሊርቅ እንደሚችል ተናግረዋል። ማስታወቂያው ግን ቀጠለ።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚሸጠው ጊዜ ይመስለኛል። ተመልካቹ መፍትሔው በባለሙያ እጅ ነው ብሎ ይረጋጋል፤ ስለ ታክስ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነሳው ክርክር ይቀዘቅዛል። አልጌው ሲቀር ደግሞ ሌላው አማራጭ ነዳጅ ሁሉ «ያው ወሬ ነው» እየተባለ አብሮ ይታማል። የከፋው ጉዳት ይኼኛው ነው፤ ዕዳው የሚተርፈው ሥራውን ከልባቸው ለሚሠሩት ነው።

በ2023 መጀመሪያ ኩባንያው ከአልጌው እጁን ማውጣቱ ተሰማ። ቀደም ሲል በ2019 የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሸማቾችንና ባለሀብቶችን አሳስቷል ብለው ከሰውታል፤ ራሱን አረንጓዴ አስመስሎ ማስተዋወቁም ከክሱ ነጥቦች አንዱ ነው። ኩባንያው የመናገር መብትን የሚጠብቅ ሕግ ጠቅሶ ክሱ እንዲዘጋለት ቢጠይቅም፣ የግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ2022 ያ ሕግ መንግሥት በሚመሠርተው ክስ ላይ አይሠራም ሲል ጉዳዩ እንዲቀጥል ወሰነ። ማስታወቂያዎቹ ሕዝቡን አሳስተዋል ወይስ አላሳሳቱም የሚለውን ግን ያ ውሳኔ አልነካውም።